የፋይናንስ ዲስትሪክት ምንድን ነው? ሰንጋ ተራን አይቶ መረዳት

መርካቶ ገብቶ ሚስማር የፈለገ ሰው ሚስማር ተራ ይሄዳል። አንዱ ሱቅ ያጣውን ቀጥሎ ካለው ያገኛል፤ ዋጋም እዚያው ያወዳድራል። ነጋዴውም ተፎካካሪው ጎኑ መቀመጡን አይጠላም። ገዢው እዚያ ድረስ የሚመጣው ብዙ ሆነው በአንድ ቦታ ስለተቀመጡ መሆኑን ያውቃል።

የፋይናንስ ዲስትሪክት ማለትም ይኸው ነው፤ የባንክ ተራ። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሰፈር።

በአዲስ አበባ ይህ ሰፈር ሰንጋ ተራ ነው። ስሙ ራሱ ከገበያ የመጣ ነው፤ በድሮ ጊዜ የእርድ በሬ የሚሸጥበት ቦታ ነበር። ዛሬ ንብ፣ ኅብረት፣ ዘመን ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸው እዚያው ናቸው። ከሁሉም በላይ ከሩቅ የሚታየው ግን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ነው።

ይህ ሕንፃ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራው ሲኤስሲኢሲ የተባለው የቻይና የግንባታ ኩባንያ ነው። ቁመቱ 209 ሜትር ስለሆነ በአገራችን የሚወዳደረው የለም። 200 ሜትር የሚረዝመውን የናይሮቢውን ብሪታም ታወር እንኳ በትንሹ ይበልጠዋል። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 99.9 ሜትር መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይረዝመዋል።

ታዲያ ባንኮች ለምን ተጠጋግተው ይቀመጣሉ? አንዱ መልስ ቼክ ነው። ኮምፒውተር ሥራውን ሳይረከብ በፊት የአንዱ ባንክ ቼክ ሌላው ባንክ ሲገባ፣ ቼኩ በአካል ሄዶ መጣራት ነበረበት። የየባንኩ ሠራተኞች በብሔራዊ ባንክ በአንድ ክፍል ተገናኝተው ይለዋወጡና ሂሳቡን ያቻችሉ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከብሔራዊ ባንክ መራቅ ያደክማል። ሁለተኛው መልስ ትልቅ ብድር ነው። አንድ ባንክ ብቻውን የማይችለውን ብድር ሁለት ሦስት ሆነው ይሰጣሉ። መያዣውን የሚገምት መሐንዲስ፣ ውሉን የሚያይ ጠበቃ፣ መድን የሚሰጥ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ሲሆኑ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል።

ወደ ላይ መርዘሙን ያመጣው ደግሞ መሬት ነው። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆነ፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሊዝ ይሰጣል። መሃል ከተማ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ውድ ነው። ያንን ዋጋ ለመመለስ በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ወለል መደራረብ ይሻላል። ባንኩ የሚያስፈልገውን ወለል ይይዛል፤ የተረፈውን ያከራያል።

ይህ ስሌት ግን ጣሪያ አለው። ረጅም ሕንፃ መሃሉ ላይ ወፍራም የኮንክሪት አካል አለው፤ ሊፍቱና ደረጃው የሚያልፉት በእሱ ውስጥ ነው፣ ነፋስ ሲገፋም ሕንፃውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ወለል በተጨመረ ቁጥር ሊፍት ይጨመራል። ሊፍቱ ደግሞ ከታች እስከ ላይ የእያንዳንዱን ወለል ቦታ ይበላል። ውኃም በፓምፕ ወደ ላይ መገፋት አለበት። ስለዚህ ከተወሰነ ቁመት በኋላ አንድ ወለል መጨመር ከሚያስገባው ይልቅ የሚያስወጣው ይበልጣል። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ለስሙም ጭምር ነው የሚሠራው። ንግድ ባንክም ስሙን አስቦ የሠራ ይመስለኛል፤ ለአገሪቱ ትልቁ ባንክ ይህ አይበዛበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው የምድር ወለል ነው። ሚስማር ተራ የሚደምቀው ሱቁ ሁሉ ወደ መንገድ ስለተከፈተ ነው። የባንክ ሕንፃ በጥበቃው ምክንያት አጥርና ፍተሻ ይበዛዋል። ሠራተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ ሲወጣ መንገዱ ጭር ይላል። በሌሎች አገሮች ያሉ የባንክ ሰፈሮችም ማታና እሑድ ሰው የማይታይባቸው በመሆን ሲታሙ ኖረዋል። መፍትሔው በሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው።

ሰንጋ ተራ ላይ በመልሶ ማልማት ብዙ የቆዩ ነዋሪዎች ተነስተዋል። ዕድሩ፣ ጉርብትናው፣ ቡና ጠጪው አብሮ ተበተነ። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቢሆንም እዚያው ሰንጋ ተራ ላይ የ40/60 ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ በ2009 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳይቶች አንዱ ነው። በባንኮቹ መካከል ሰው ልብስ አጥቦ ያሰጣል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ባንኩ ዘግቶ የሂሳብ ሠራተኛው ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሲሰለፍ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰው ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።