ዘርፈ ብዙ የሕፃናት ድህነት ምንድን ነው?

በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ አንድ ቤት ገባን እንበል። ደጁ ላይ በማድረቂያ አልጋ የተሰጣ ጀንፈል አለ፤ ጣሪያው ባለፈው ዓመት የቡና ሽያጭ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ገቢን ብቻ የሚጠይቅ መዝጋቢ ይህን ቤተሰብ ከድህነት ወለል በላይ አድርጎ ቢጽፈው አልተሳሳተም። እዚያው ቤት ያለው የሁለት ዓመት ልጅ ግን ጠዋትም ማታም የሚበላው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ዶሮዋ የምትጥለው እንቁላል ለአጋሮ ገበያ ይጠራቀማል፤ የሚጠጣው ውኃ ከብቶችም ከሚጠጡበት ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ክትባቱም ተጀምሮ አልተጨረሰም። አባወራው ድሃ ላይባል ይችላል፤ ልጁ ግን ድሃ ነው።

ዘርፈ ብዙ የሕፃናት ድህነት ማለት እንግዲህ ድህነትን በቤተሰቡ ኪስ ሳይሆን በልጁ በራሱ ላይ፣ ሊሟሉለት ሲገባ በጎደሉት ነገሮች ቁጥር የሚለካ ጽንሰ ሐሳብ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በኮፐንሃገን በተካሄደው የማኅበራዊ ልማት ጉባኤ ላይ ፍፁም ድህነት የምግብ፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመፀዳጃ፣ የጤና፣ የመጠለያ፣ የትምህርትና የመረጃ እጦት ተብሎ መተርጎሙ ነው። በ2003 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዩኒሴፍ ጋር ሆነው ይህን ትርጉም ለሕፃናት መለኪያነት አዋሉት፤ በ2015 የጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦች ደግሞ ድህነትን «በሁሉም ገጽታው» በመቀነስ ረገድ ሕፃናትን በስም ጠቅሰው አካተቱ።

በአገራችን ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዩኒሴፍ ጋር ባካሄደው ጥናት ስድስት ዘርፎች ተለይተዋል። ዘርፎቹ እንደ ዕድሜው ይለያያሉ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አመጋገቡ፣ ጤናውና ቁመቱ ሲታዩ፣ ከዚያ በላይ ላለው የትምህርት፣ የጤና ዕውቀትና የመረጃ ጉዳይ ይገባል፤ ውኃ፣ መፀዳጃና መኖሪያ ቤት ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ከስድስቱ ሦስትና ከዚያ በላይ የጎደሉት ልጅ ድሃ ተብሎ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት፣ በ2016 በተሰበሰበ መረጃ፣ ከ18 ዓመት በታች ካሉት ኢትዮጵያውያን 88 በመቶው፣ ማለትም 36 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት፣ ድሃ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ዘመን በገንዘብ ሲለካ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ይሁንና የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። በእኔ እይታ ግን 88 በመቶ የሚል ቁጥር የራሱ ችግር አለበት፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ድሃ ከሆነ፣ በጀት የሚመድብ ሰው ከማን እንደሚጀምር ቁጥሩ ብቻውን አይነግረውም። «ሦስት» የሚለው መቁረጫም ቢሆን የሰው ውሳኔ ነው፤ አራት ቢባል ውጤቱ ይለወጥ ነበር።

የመለኪያው ትልቁ ጥቅም እጦቶቹ አንድ ልጅ ላይ እንዴት እንደሚደራረቡ ማሳየቱ ነው። የጎማው ልጅ እንቁላሉ ቢሰጠው እንኳ፣ ከምንጩ በሚመጣ ተቅማጥ በየወሩ የሚታመም ከሆነ የበላው ሰውነቱን አይገነባም፤ ስለዚህ የምግብ ፕሮግራም ብቻውን፣ የውኃ ፕሮጀክትም ብቻውን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለ ቀዳማይ ልጅነት የሚሟገቱ ወገኖች አገልግሎቶቹ በአንድ ላይ ይድረሱ እያሉ የሚወተውቱት ለዚህ ነው። የሚያስቸኩላቸው ደግሞ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያለው የ1000 ቀናት ጊዜ ነው። ቡና ዘንድሮ ዋጋ ቢያጣ ለከርሞ ሊክስ ይችላል፤ በእነዚህ ቀናት የቀነጨረ፣ ማለትም ቁመቱ ለዕድሜው ያጠረ ልጅ ግን በከርሞው ገንዘብ የጎደለውን መልሶ ለመያዝ እጅግ ይቸገራል።

አለካኩ በሌሎች አገሮችም ሥር ይዟል፤ ሜክሲኮ ገቢንና ማኅበራዊ እጦቶችን አጣምሮ የሚይዝ መለኪያን በ2009 መንግሥታዊ አድርጋለች። ኢትዮጵያ በበኩሏ በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ወስናለች፤ ሥራው የተጀመረውም በድርቅ በሚታወቀው የተከዜ ተፋሰስ ነው። መጀመሪያው ከዚያ መሆኑ ተገቢ ነበር። እንደ ጅማ ባለ፣ ዓመቱን ሙሉ ልምላሜ በማይለየው አገር ግን እጦት በዓይን አይታይም፤ ሜዳው አረንጓዴ፣ ጓሮው እንሰት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና። የጎማው ልጅ የሚታወቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በመለኪያ ሰሌዳው ላይ አቁማው ቁመቱ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ለሁለት ዓመት ወንድ ልጅ የመቀንጨር መለያ የሆነው ልክ፣ ሳይሞላ ሲቀር ነው።