ድንገት ተነስቶ መሄድ፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ላለው ሰው ነው»

ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ ስብሰባው በአንድ ቀን ቀድሞ አለቀ። የመመለሻ ትኬቴ የነገ ነው። ሆቴል ገብቼ ልተኛ ስል አንድ ወያላ «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» ሲጣራ ሰማሁ። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲያያዘው የድሬ ሙቀት ወደ ኋላ ቀረ። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅም ውሃ ይዞ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ያወጣሁት የመኪና፣ የምሳና የቡና ብቻ ነው።

«ሳያቅዱ መሄድ ግዴለሽነት ነው»

እቅድ ሌላ፣ ጥንቃቄ ሌላ። በተለይ በዚህ ጊዜ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ መነሳት አይገባም። እኔም ከመግባቴ በፊት ሹፌሩን ስለ መንገዱ ጠይቄያለሁ፤ መመለሻ መኪና እስከ ስንት ሰዓት እንዳለም። መታወቂያዬን ያዝኩ፣ ለእህቴ ደወልኩ። ሹፌሩ ቢያመነታ ኖሮ ከድሬ አልነቃነቅም ነበር።

«ያለ ፕሮግራም ምንም ሳታይ ትመለሳለህ»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ሰው ቤቱ የሚቀረው በእሱ ነውና። ጀጎል፣ የድሮዋ ሐረር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ የታጠረች፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበች ከተማ ናት። ውስጧ ግን ጠባብ ለጠባብ መንገድ ነው። አስጎብኚ የለኝም፣ ስለዚህ ሁሉንም ነገር ሰው መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። እኔ ደግሞ ሰው መጠየቅ የሚከብደኝ ነኝ።

ጠፍቼ ስዞር «መኪና ግርግር» ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ደረስኩ። ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ። «አባባ፣ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ በየት ነው?» አልኳቸው አንዱን። አላመለከቱኝም። የተተረተረ የጃኬቴን ኪስ አይተው «አውልቅ» አሉኝ። እግራቸው ፔዳሉን እየረገጠ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ኪሱ ሲያልቅ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና መንገዱን ነገሩኝ። የትኛውም ፕሮግራም ላይ ይሄ አይጻፍም።

«ብቻህን ይደብርሃል»

ብቻውን ቡና የሚጠጣ እንግዳ ሐረር ላይ ብዙ አይቆይም። ያዋሩታል።

«አንድ ጉዞ ሰውን ይለውጣል»

ይሄም ልክ አይደለም። ያው ሰው ሆኜ ነው የተመለስኩት። ግን በሳምንቱ፣ ለ2 ወር አልገባ ያለኝን የቢሮ ሥራ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ባልደረባዬን ጠየቅኳት። ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አሳየችኝ። 10 ደቂቃ አልፈጀም።