«ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው የሚሸጠው» እና ሌሎች ስለ ዕፅ ንግድ የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ታሪክ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥም ሆነ ቡና ላይ ስለ ዕፅ ዝውውር ወሬ ከተነሳ የምሰማው ያው ነው፤ ወይ «የወንበዴ ሥራ ነው፣ መንግሥት ምን አገባው»፣ ወይ ደግሞ «ቲቸር፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ እኮ ነው የሚሸጠው»። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ሁለተኛው ግን በጣም ሰልችቶኛል፣ ምክንያቱም የተናገረውን ሰው አዋቂ ስለሚያስመስለው ማንም «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው።

«አሜሪካ ፓናማን የወረረችው ለዕፅ ብላ ብቻ ነው።» የፓናማው ገዢ ኖሪዬጋ ለዓመታት ከአሜሪካው የስለላ ድርጅት ከሲአይኤ ገንዘብ ሲቀበል የኖረ ሰው ነው፤ በ1989 መጨረሻ የተወረረው ከአሜሪካ ጋር ከተጣሉ በኋላ ነው።

«ኦፒየም (ሄሮይን የሚሠራበት) በአዋጅ አይቆምም።» ታሊባን በ2022 ከለከለ፣ በዓመቱ የአፍጋኒስታን እርሻ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 95 በመቶ ወረደ። ገበሬው ምን በልቶ እንደሚያድር ግን ማንም አላሰበበትም፣ ዋና አምራችነቱም ወደ ማይናማር ሄደ።

«ጫት እዚህ ወሬ ውስጥ አይገባም፣ ዕፅ አይደለም።» እኛ አገር ሕጋዊ ነው፣ ባህር ዳር ዙሪያ ስንቱ ማሳውን ጫት እንዳደረገው የማያውቅ የለም። ግን የጎረቤት ጠብ ውስጥ ገብቷል እኮ! ሶማሊያ በማርች 2020 የኬንያን ጫት አገደች፣ የተሰጠው ምክንያት ኮሮና ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን አቋረጡ፣ የባሕር ወሰን ክርክራቸውም ሄግ ፍርድ ቤት ነበር፣ ኮሮናው ጋብ ብሎም ጫቱ እንደታገደ ቀረ። የተከፈተው በ2022 አዲሱ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ናይሮቢ ሄደው ከተነጋገሩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ኬንያ ውስጥ ጫት የሚያመርተው የሜሩ ገበሬ ከሰረ።

አሁን ወደ ዋናው። መንግሥት ዕፅ ንግድ ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው መንገድ ነው፤ ኬላ፣ ወደብ፣ ማኅተም፣ አይቶ ዝም ማለት። አጎቴ ከብቸና ጤፍ በአይሱዙ እየጫነ አዲስ አበባ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፣ ኬላ ላይ የሚያድረውና ወዲያው የሚያልፈው መኪና በጭነት እንደማይለያዩ፣ የሚለያቸው ማን ስልክ ደወለላቸው የሚለው እንደሆነ ከሱ ነው የሰማሁት። ሶርያም ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ ጭነቱ ክኒን ሆነ እንጂ።

ክኒኑ ካፕታጎን ይባላል። ድሮ ጀርመን አገር የተሠራ መድኃኒት ነበር፣ ታገደ፣ አሁን በዚያ ስም የሚሸጠው ባብዛኛው አምፌታሚንና ካፌይን ነው። ጦርነቱና ማዕቀቡ የሶርያን ኢኮኖሚ ሲያደቁት ፋብሪካው፣ መንገዱና የላታኪያ ወደብ በፕሬዚዳንቱ በአሳድ ዘመዶችና በወንድሙ በማሄር አራተኛ ክፍለ ጦር ጥላ ሥር ሆኑ። በ2020 ጣሊያን ሳሌርኖ ወደብ ላይ 84 ሚሊዮን ክኒን ሲያዝ ፖሊስ መጀመሪያ «የአይሲስ ነው» አለ፣ ሁሉም አመነ፣ ምክንያቱም ወንበዴ ብቻ ነው የሚሠራው ብለን ስለምናስብ። ኋላ ምርመራው ሲቀጥል ጣት የተቀሰረው ወደ መንግሥቱ ሰዎች ነው። በዲሴምበር 2024 አሳድ ሲወድቅ ደግሞ ደማስቆ አጠገብ ዱማ ካለ የድንች ችፕስ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ስታቢላይዘር ሆድ የተደበቀ ክኒን ወጣ።

እና የጎረቤቱ ነገር። ሳዑዲ በኤፕሪል 2021 ከሊባኖስ በመጣ ሮማን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ ክኒን አገኘችና የሊባኖስን ፍራፍሬና አትክልት በሙሉ ከለከለች፤ ምንም የማያውቀው ገበሬ ምርቱን ታቅፎ ቀረ። ዮርዳኖስ በጃንዋሪ 2022 በአንድ ቀን 27 አሻጋሪዎች ድንበሯ ላይ ገደለች። በሜይ 2023 የአካባቢው ዓረብ አገሮች ሚኒስትሮች የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ላይ ከሶርያው ጋር ሲቀመጡ ከጠየቁት አንዱ ይሄ ዝውውር እንዲቆም ነበር። ዓረብ ሊግ ሶርያን መልሶ በተቀበለ ማግስት ደግሞ ደቡብ ሶርያ ላይ፣ የዮርዳኖስ ነው በተባለ የአየር ድብደባ፣ አንድ የታወቀ አሻጋሪ ከነሚስቱና ልጆቹ ተገደለ። አያችሁ፣ ኬላውን የያዘ መንግሥት ጎረቤቱን በኬላው ይደራደርበታል። «ፕሬዚዳንቱ ነው ሻጩ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ይሄ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ሰውዬው ሲወርድ ሁሉም የሚያበቃ ይመስለዋል፣ አሳድ ከወደቀ በኋላም በዮርዳኖስ ድንበር የማሻገር ሙከራው አልቆመም።

የሆንዱራስ ፕሬዚዳንት የነበረው ኤርናንዴዝስ ካላችሁኝ፣ እሱም ዋሽንግተን ፀረ-ዕፅ አጋሬ እያለች ስታመሰግነው የነበረ ነው። በ2024 ኒውዮርክ ላይ 45 ዓመት ሲፈረድበት የክሱ ፍሬ ነገር ጉቦ ተቀብሎ ለኮኬይን ጭነት ከለላ መስጠቱ ነው። በ2025 መጨረሻ ትራምፕ ምሕረት አደረጉለት።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ተማሪዎቼ ነገ ስለሚሰደዱ ነው። ሳዑዲ በዕፅ ወንጀል ሰው በሞት መቅጣቱን በኖቬምበር 2022 እንደገና ጀምራለች፣ በ2025 ሐሺሽ አስገብታችኋል ተብለው በሞት ከተቀጡት ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ። ኬላውን የሚያስከፍተው ትልቁ ሰው አይያዝም፣ የሚያዘው ተሸካሚው ነው። ስለዚህ አደራ ዕቃ አትቀበሉ። ከተቀበላችሁም ፈትታችሁ፣ ስፌቱን ሳይቀር ዳብሳችሁ እዩ፣ «አትፍታው» ካለ የራሱ ዘመድ ይውሰድለት። የደረቀ ጫትም ቢሆን ሳዑዲ ክልክል ነው፣ እንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች፣ «እኛ ጋ ገበያ ላይ ይሸጣል» ብላችሁ ለማንም ዘመድ እንዳትልኩ።