የሞተር ሳይክል መቀመጫ በራስ እጅ መቀባት፦ የሚወራውና እውነታው

ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ መቀመጫው ግን ነጥቶ አመድ መስሏል። ልብሱን ላስቀይር ብላችሁ ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ ደነገጣችሁ። ራሴ ልቀባው ማለት ያስኬዳል፤ በትንሽ ወጪ ጥሩ ሥራ ይወጣል። ችግሩ ጋራዥ በር ላይ በነፃ የሚታደለው ምክር ነው። ግማሹን ከተከተላችሁ ቀለሙ ወር ሳይሞላው ይላጣል።

«ቀለም ቀለም ነው፤ የብረቱ ስፕሬይ እንዲያውም ይጠነክራል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የብረት ቀለም መጠንከሩ እውነት ነው፣ ጣጣውም እሱው ነው። ብረት አይታጠፍም። መቀመጫ ግን በተቀመጣችሁበት ቁጥር ይሰምጣል፣ ስትነሱ ይመለሳል፤ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ይሄ በአንድ ደቂቃ ስንቴ እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ። ደረቅ ቀለም ይህን አይችልም። መጀመሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያወጣል፣ ከዚያ እየተነሳ ሱሪ ላይ ይቀራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሁላችንም «ሌዘር» እያልን የምንጠራው የመቀመጫ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ አይደለም፤ ቪኒል ነው፣ ማለትም ፒቪሲ። የውኃ ቧንቧ የሚሠራበትም ያው ፒቪሲ ነው። ቧንቧው ደረቅ፣ መቀመጫው ለስላሳ የሆነው መቀመጫው ላይ ማለስለሻ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። ይህ ማለስለሻ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ በሙቀትና በፀሐይ ብዛት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። እላዩ ላይ የዘይት ቀለም ካገኘ ቀለሙንም ያላላዋል። ተቀብቶ ሳምንታት ያለፉት መቀመጫ አሁንም ሙጫ ሙጫ የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሚገዛው ለቪኒል ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ ነው። ከልብሱ ጋር አብሮ ይታጠፋል፣ የተሻለም ይይዛል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ አትከራከሩ፣ ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ። ቪኒል የሚል ጽሑፍ ከሌለው መልሱለት። ለአንድ ሞተር መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጣሳ ይበቃል፤ ሁለትና ሦስት ግዙ የሚላችሁን አትስሙ።

«የጫማ ቀለም ካለ ምን ስፕሬይ ያስፈልጋል»

የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ነው፤ እውነተኛ ቆዳ ውስጥ ትንሽ ይሰርጋል። ቪኒል ግን ፕላስቲክ ነው፣ አይመጠውም። እላዩ ላይ ተኝቶ ቀን እስኪወጣለት ይጠብቃል። ፀሐይ ስታሞቀው ወይም ዝናብ ሲነካው ወደ ሱሪያችሁ ይዛወራል። ከኋላ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ከጫናችሁማ አበቃ።

የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቫዝሊን የሚቀቡም አሉ። ለአንድ ቀን ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል፣ እውነት ነው። ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ነዳጅና የሞተር ዘይት ደግሞ ያንን ማለስለሻ ከቪኒሉ እየሳቡ ያወጡታል፣ ልብሱ ይብሱን ይደርቃል። የዳሽቦርድ ማብረቂያውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ሲሊኮን ያለበት ከሆነ በኋላ የምትቀቡት ቀለም ከላዩ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል።

«በቲነር ጥረገው፣ ቆሻሻው ሁሉ ይለቃል»

ይለቃል፣ ቪኒሉም አብሮ ይለቃል። ቲነርና አሴቶን ፒቪሲን ያብጡታል፣ ያላሉታል፣ የላዩን ጥለት ያበላሹታል። ቤንዚን የእሳት አደጋው ሳይቆጠር ያደርቀዋል።

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ድርሻ ማጽዳት ነው፣ መርጨቱ የመጨረሻው ትንሽ ክፍል ነው፣ ቀለሙ ተላጠ የሚሉ ሰዎችን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ መቀመጫውን በእርጥብ ጨርቅ አበስ አድርገው ነው የጀመሩት። መቀመጫውን ከሞተሩ አውርዱት። አንዳንዱ በቁልፍ ይከፈታል፣ አንዳንዱ በብሎን ነው የታሰረው። ለብ ያለ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና አዘጋጁ። ጥለቱ ውስጥና ስፌቱ ሥር ያለውን እድፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። አለቅልቁት፣ አድርቁት፣ ድገሙት። የተቀደደ ካለ ግን ውኃ አታብዙበት፤ ከታች ያለው ስፖንጅ ይጠጣዋል። በመጨረሻ ነጭ ጨርቅ አልኮል አስነክታችሁ ጥረጉት፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ጨርቅ እየቀየራችሁ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ቅባትም ቅባት ነው።

የጸዳ ከመሰላችሁ ግን ካልተማመናችሁ፣ ወደ ታች የታጠፈውን የማይታይ ጫፍ ትንሽ ቀቡና በማግሥቱ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከመጣ እንደገና ወደ ሳሙናው።

«በብርጭቆ ወረቀት ካልፈተግከው አይይዝም»

ይሄ ከብረትና ከእንጨት ሥራ የመጣ ልማድ ነው። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት የቪኒሉን ጥለት ይበላዋል፣ ጭረቱም በቀለሙ ሥር ይታያል። የቪኒል ስፕሬይ ንጹሕ ገጽ ነው የሚፈልገው። የተነሳ አሮጌ ቀለም ካለ እሱን ብቻ በደቃቁ አለስልሱት።

«አንዴ ወፈር አድርገህ ጨርሰው»

ወፍራም ቀለም ይንጠባጠባል፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ጣሳውን በደንብ በጥብጡ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቅ ብላችሁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ በስሱ እርጩ። የመጀመሪያው ዙር ዥንጉርጉር ቢሆን አትደንግጡ፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በየመሀሉ 10 ደቂቃ ያህል ወይም ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቃችሁ ሦስት አራት ጊዜ መልሱት።

ቦታው ነፋሻ ይሁን ግን ነፋስ አይግረፈው፤ ነፋስ አቧራ ያመጣል። ማስክ አድርጉ፣ ከሰል ምድጃ በአቅራቢያችሁ አይኑር። ክረምት ላይ ከሆነ ዝናብ ባለበት ቀን አትጀምሩ፤ እርጥበት ሲበዛ አንዳንዱ ቀለም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

«በእጅ ሲነካ ከደረቀ አለቀ»

አላለቀም። ለመንካት በግማሽ ሰዓት ሊደርቅ ይችላል፣ ለመቀመጥ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት፣ ሁለት ሦስት ብታደርጉት ደግሞ የተሻለ። ሞተሩ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነ ይሄ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ቀብታችሁ እሑድን አሳርፉት።

«ጥቁር ብቻ ነው የሚያምረው»

የምርጫ ጉዳይ ነው። ጥቁር ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ነጣ ያለው ደግሞ የጂንስ ቀለም ይይዛል። ከደማቁ ወደ ጥቁር መሄድ ቀላል ነው፣ ከጥቁር ወደ ነጭ መምጣት ብዙ ዙር ይጠይቃል። በጀት ካጠረ የነበረውን ቀለም መልሱ።

«አንዴ ከተቀባ ለዘላለም ነው»

እንዴት ሆኖ? ፀሐይዋ እኮ ያችው ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቀለም የሚያነጣው ጨረር ይጠነክራል። ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ፣ ካልተገኘ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ከፊት ለፊት፣ ጭን የሚፈትገው ቦታ ቀድሞ መሳሳቱ አይቀርም። ጣሳው ውስጥ የተረፈውን አትጣሉት፤ ለዚያ ቦታ ይሆናል።

«ቀዳዳውንም ቀለሙ ይደፍነዋል»

ቀለም ቀለም ነው የሚመልሰው። የተሰነጠቀ ቪኒል ላይ ብትረጩት ስንጥቁ ጠቁሮ ይታያል እንጂ አይዘጋም። በስንጥቁ የገባው ዝናብ ስፖንጁ ውስጥ ይቀመጣል፣ በተቀመጣችሁ ቁጥር ሱሪያችሁን ያርሳል። ጥፍር በማትገባበት ቀጭን ስንጥቅና በነጣ ልብስ ላይ ቀለም ያዋጣል። ልብሱ ደርቆ ሲታጠፍ የሚንቋቋ፣ ስፌቱ የተተረተረ ወይም ስፖንጁ የታየ ከሆነ ግን ለቀለም ያሰባችሁትን ብር ልብሱን ለማስቀየር አስቀምጡት። ሲገፈፍ እዚያው ቁሙ። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ ሳይደርቅ እንዳይሸፍኑት፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክም አለመሰንጠቁን እዩ። አዲሱን ቪኒል ስትመርጡ ጀርባውን ገልብጡት፤ ጨርቅ ያለው ይሁን፣ ስፌቱን የሚይዘው እሱ ነው።