ሻሐሪት፦ የአይሁድ የጠዋት ምስጋና

አጥባቂ አይሁዳዊ ጠዋት ሲነቃ፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ 12 የዕብራይስጥ ቃላት ይላል። «ሞዴ አኒ» ብሎ ይጀምራል። ሴት ከሆነች «ሞዳ አኒ» ትላለች። አመሰግንሃለሁ ማለት ነው። የሚያመሰግነው ነፍሱ በርኅራኄ ስለተመለሰችለት ነው፤ መዝጊያው ደግሞ ሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥ ካለው «ታማኝነትህ ብዙ ነው» ከሚለው ቃል የተቀዳ ነው።

በዚህች አጭር ጸሎት ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አልተጠራም። «ሕያው ንጉሥ» ተብሎ ይታለፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ገና እጁን አልታጠበም። ስሙ ሳይታጠቡ አይጠራም፣ ምስጋናው ግን ውኃ እስኪመጣ አይጠብቅም። ጸሎቷን በጽሑፍ ያስቀመጣት በገሊላ የምትገኘው የጽፋት ከተማ ረቢ ሞሼ ቤን ማኪር ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1599 ቬኒስ ውስጥ ነው። ከጸሎቷ በኋላ ሁለት እጀታ ባለው ማስታጠቢያ ውኃ ይቀዳል፤ ቀኝና ግራ እጅ እየተፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ ይፈስባቸዋል።

ቀጥሎ ቡራኬዎቹ ይመጣሉ። በጥንቱ ልማድ እያንዳንዱ ቡራኬ ከአንድ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ዶሮ ሲጮኽ፣ ቀንን ከሌሊት ለመለየት ማስተዋልን የሰጠ አምላክ ይባረካል። ዓይን ሲገለጥ ዕውራንን የሚያበራ፣ ልብስ ሲለበስ የታረዙትን የሚያለብስ ይባላል። ጫማ ሲደረግ «የሚያስፈልገኝን ሁሉ ያደረገልኝ» ይባላል። ኋላ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ምኩራብ ውስጥ በአንዴ የሚባሉ ሆኑ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቅ ማይሞኒደስ ይህን አልወደደውም፤ እውነቱን ነው የሚያሰኝ ነገር አለው። ዶሮ ሳይጮኽ ስለ ዶሮ ማመስገን ትንሽ ይከብዳል።

ከሽንት ቤት ተወጥቶ የሚባልም አለ። ሰውነትን በቀዳዳና በክፍተት አድርጎ የሠራ፣ ከነዚህ አንዱ ቢደፈን ወይም አንዱ ቢከፈት መቆም እንደማይቻል የሚያውቅ አምላክ ይመሰገናል። ኩላሊቱን ታሞ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ቡራኬ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የጥንት ረቢዎች የሕግና የትምህርት ስብስብ የሆነው ታልሙድ በረቢ ሜኢር ስም፣ ሰው በየቀኑ 100 ቡራኬ ማድረስ አለበት ይላል። በአዘቦት ቀን ጸሎቱና ማዕዱ ተደምረው ይሞላሉ። ሰንበት ላይ ግን ዋናው ጸሎት አጠር ስለሚል ቁጥሩ ይጎድላል። ታዲያ ጉድለቱ በፍራፍሬና በሽቶ ቅመም ይሞላል፤ የሚቀመሰውም የሚሸተተውም የራሱ ቡራኬ አለውና።

እስካሁን ያለው ብቻን ሆኖ የሚባል ነው። የሻሐሪት ሌላው ግማሽ ግን ሰው ይፈልጋል፤ አሥር ሰው። ይህ ጉባኤ ሚንያን ይባላል። ኦርቶዶክስ በሚባሉት አጥባቂ አይሁድ ዘንድ ከ13 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ይቆጠራሉ። ሪፎርም የተባሉት ለዘብተኞቹ አይሁድ ሴቶችንም ይቆጥራሉ፤ በሁለቱ መካከል ያሉት የአሜሪካ ኮንሰርቫቲቮችም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ፈቅደዋል። ዘጠኝ ሆነው ከቀሩ ስልክ መደወል፣ በር ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን «አሥረኛ ጎደለን» ማለት የተለመደ ነው። ሰውን አንድ፣ ሁለት እያሉ መቁጠር ግን አይወደድም። ከመዝሙረ ዳዊት «ሕዝብህን አድን፣ ርስትህን ባርክ» ብሎ የሚጀምረውን ጥቅስ ለየሰዉ አንድ ቃል እያደረጉ ይሉታል። በዕብራይስጥ ልክ አሥር ቃል ነው። ቃሉ ካለቀ ጉባኤው ሞልቷል።

አሥር ሰው የግድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ቃዲሽ የተባለው ጸሎት ነው። ወላጁ የሞተበት ሰው ለ11 ወር በየዕለቱ ይለዋል። በውስጡ ስለ ሞት አንድም ቃል የለም፤ ሁሉም የአምላክ ውዳሴ ነው። ብቻውን ደግሞ ሊለው አይችልም። «አሜን» የሚሉ ጎረቤቶች በማለዳ መነሳት አለባቸው። እድር ያለው አንባቢ ነገሩ ይገባዋል።

ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ታልሙድ አልደረሳቸውም ነበርና ይህ ሥርዓት በዚህ መልኩ አልነበራቸውም። ቄሶቻቸው የሚጸልዩት በግዕዝ ነበር። እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን ብዙዎች፣ በተለይ እዚያ የተማሩት ልጆች፣ በዕብራይስጡ የጸሎት መጽሐፍ ሻሐሪት ይቆማሉ።

የጸሎቱ ማዕከል ቆመው የሚያደርሱት አሚዳ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ በለሆሳስ ይጨርሳል፤ ከዚያ መሪው ጮክ ብሎ ለሁሉም ይደግመዋል። ጉባኤው ቡራኬዎቹን እየሰማ በአብዛኛው «አሜን» ይላል። ሞዲም የተባለው የምስጋና ክፍል ላይ ሲደረስ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ጉባኤው የራሱን ሌላ የምስጋና ቃል ይዟል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ሴቪያ የነበረው የጸሎት ተንታኝ ዳዊት አቡድራሃም ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ልመናን በመልእክተኛ ማቅረብ ይቻላል፣ ምስጋናን ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያቀርበው ብሏል። ስለዚህ መሪው ጎንበስ ሲል ሁሉም አብሮት ጎንበስ ይላል። የእሱ ድምፅ ከላይ፣ የእነሱ ጉርምርምታ ከታች እየሄደ ለጥቂት ሰከንዶች ይደባለቃል። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ መሪውም ይቀጥላል።