«ልጄን ያስተማርኳት ቀለም ልትቀባ አይደለም»፦ ስለ ዲዛይን ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው መስከረም አንድ አባት ሴት ልጃቸውን አስከትለው ከሐይቅ ደሴ ድረስ መጡና የሥራ ክፍሌን በር አንኳኩ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ዲዛይን ካልተማርኩ ብላም ቤተሰቡን አስጨንቃለች። አባትየው የቀረበላቸውን ቡና ሳይቀምሱ፣ «ልጄን ያስተማርኳት ቀለም ልትቀባ አይደለም። እስቲ አንተ በሙያው ያለኸው ምከራት» አሉኝ።

የኔ ሥራ የምርት ማሸጊያ፣ ታፔላና የመጽሐፍ ገጽ መንደፍ ነው። ልጅቱን እንድመክር ተጠይቄ እስከ ምሳ ሰዓት የተጨዋወትሁት ከአባቷ ጋር ሆነ። ያነሷቸው ስጋቶች ከወልድያም ከከሚሴም ከሚመጡ ወላጆች የምሰማቸው ናቸው። ወላጅ ለልጁ ስለሰጋ አይወቀስም፤ ስጋቱ የቆመበት ወሬ ግን ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ያን ቀን የተነጋገርነውን እነሆ።

«ዲዛይን ማሳመር ነው»

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህ ነው። ምርቱ ተመርቶ፣ ዕቃው ተገዝቶ፣ ዋጋው ተቆርጦ ካበቃ በኋላ ዲዛይነር ይጠራና «እንግዲህ አሳምርልን» ይባላል። እኔም በጀማሪነቴ ሥራዬ ይህ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ለአንድ የማር አምራቾች ማኅበር ማሸጊያ ሠራሁ። አንገቱ ቀጠን፣ ወገቡ ሰበር ያለ የመስታወት ጠርሙስ መረጥሁ። ልጣፉም አማረ፤ ያየው ሁሉ ወደደው። ክረምት ሲገባ ግን ገዢዎች ጠርሙሱን ይዘው ወደ ማኅበሩ ይመለሱ ጀመር። ማር ሙቀቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቦታ ፈጥኖ ይረጋል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ማሩ ረግቶ ጠጠረ፤ ማንኪያም በዚያ ቀጭን አንገት አያልፍም። አንዲት እናት ጠርሙሱን ፍል ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ተሰነጠቀባቸው። ጥፋቱ የኔ ነበር። ስለ ጠርሙሱ መልክ ብዙ አስቤ፣ ማሩ በሐምሌ ምን እንደሚሆን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም።

በሁለተኛው ዙር አፈ ሰፊ ብርጭቆ መረጥን፤ ዋጋውም ከበፊቱ ረከሰ። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን በልጣፉ ላይ የጨመርነው አንድ መስመር ነው። የረጋ ማር ሲያይ ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ የሚጠረጥር ገዢ ብዙ ነው። ስለዚህ ማር በብርድ መርጋቱ የተፈጥሮ ጠባዩ መሆኑን፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ እንደሚላላ ጻፍንበት። አቤቱታው ቀረ። ዲዛይን ማለት ይህ ነው፤ ዕቃው በማን እጅ፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚገባ አስቀድሞ አስቦ መወሰን። ውበቱም የሚመጣው ከዚሁ ጋር ነው።

ለአባትየው ላሊበላን አነሣሁላቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን ሦስት መስቀሎች ያደንቃል፤ ይገባልም። ነገር ግን ሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። የላስታ ክረምት ዝናብ መውጫ ባይበጅለት ኖሮ ግቢው ኩሬ ይሆን ነበር። ጠራቢዎቹ ከጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን አሸንዳና ከግቢው የሚወጣበትን ቦይ ከአለቱ ላይ አብረው ፈለፈሉ። ከላይ ወደ ታች የሚፈለፈል ሕንፃ ደግሞ ስህተትን አይምርም፤ አንዴ የተጠረበ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። መስቀሉን የቀረጸና ቦዩን ያሰበ አእምሮ አንድ ነው።

«እጁ ለስዕል ያልታደለ ዲዛይነር አይሆንም»

ሥዕልና ዲዛይን ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ሠዓሊ ከራሱ ስሜት ተነሥቶ ሸራው ላይ ያሰፍራል፤ ዲዛይነር ከሌላ ሰው ችግር ይነሣል። ለዲዛይነር ንድፍ መሞነጫጨር ማሰቢያ መንገድ ነው፤ ሐሳቡን ከጭንቅላቱ አውጥቶ ወረቀት ላይ ያየዋል፣ ይሰርዛል፣ ይደግማል። ለዚህ የሚበቃ የእጅ ሥራ በልምምድ ይመጣል።

እውነቱን ላለመሸፈን ያህል፣ አንዳንድ ተቋማት ከውጤት በተጨማሪ በተግባር ይፈትናሉ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አንዱ ነው። እዚያ መግባት የሚፈልግ ተማሪ በየዕለቱ ጀበናውን፣ ወንበሩን፣ የእናቱን እጅ እያየ በእርሳስ ይለማመድ።

«ፎቶሾፕ ማወቅ ነው፤ የሦስት ወር ኮርስ ይበቃል»

ፎቶሾፕ የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው፤ መሣሪያ ማለት ነው። መጋዝ መያዝ የቻለ ሁሉ አናጺ አይባልም። የሶፍትዌሩን ቁልፎች በሦስት ወር ማወቅ ይቻላል፤ እኔም አንዳንዶቹን የተማርኩት ከጓደኛ ነው። ኮሌጅ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ሥራህን በክፍሉ ሁሉ ፊት ግድግዳ ላይ ሰቅለህ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ስትባል መልስ እስኪኖርህ ድረስ ትፋጫለህ። በስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ለምን እንደሚደበዝዝ ትማራለህ፤ ስክሪን ቀለምን ከብርሃን ይሠራል፣ ማተሚያ ቤት ግን ከአራት የቀለም ዓይነቶች ነው የሚቀላቅለው። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ሺህ ብሮሹር አሳትሞ ሲያበቃ ያለቅሳል።

እስቲ ስለ ፊደላችን ትንሽ ልቆይ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። የላቲን ፊደል ነዳፊ ትልልቁንና ትንንሹን ቢደምር 52 ቅርጽ ይሥላል። የእኛዎቹ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። «ሰ» እና «ስ»፣ «ቀ» እና «ቅ» በአንዲት ቅንጣት ይለያያሉ፤ ያቺ ቅንጣት በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ስትታተም ከጠፋች አንባቢው ይሳሳታል። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ስለሌለው፣ አርእስትንና ዋናውን ጽሑፍ በመጠን፣ በውፍረትና በክፍተት ብቻ መለየት ይኖርብናል። ይህን ከውጭ የመጣ መማሪያ አያስተምርህም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በሦስተኛው እትም ከመካተቱ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር ተቃሏል። ለመጽሐፍ፣ ለጋዜጣ፣ ለስልክ የሚስማሙ ጥሩ ጥሩ የፊደል ቅርጾች ግን ገና ብዙ ያስፈልጉናል። ይህ ሥራ የእኛን ልጆች ይጠብቃል፤ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን የሰማሁት እናታቸው ስፌት ከሚሰፉ ሰው አፍ ነው። የሞሰብ ስፌት የምትሰፋ ሴት ከመሐል ትጀምርና በአክርማና በስንደዶ ዙሪያውን እያሰፋች ትሄዳለች። ዙሩ ሲሰፋ ስፌቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ በአለላ የምታወጣው ጌጥ እንዳይጣመም በየዙሩ ቆጥራ ታሳድገዋለች። ወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍ የላትም፤ ስሌቱ ያለው በጭንቅላቷ ነው። ሸማኔውም ማግ ከመወርወሩ በፊት ድሩን ሲዘረጋ የጥለቱን ስፋት በክር ቁጥር ይወስናል፤ ድሩ ላይ ከተሳሳተ ስህተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።

በ1919 እ.ኤ.አ. ዋልተር ግሮፒየስ በጀርመን ቫይማር የከፈተው ባውሃውስ፣ የዘመናዊ ዲዛይን ትምህርት መሠረት ከሚባሉት ቤቶች አንዱ፣ የሽመና ክፍል ነበረው። አኒ አልበርስ የተባለችው ታላቅ የጨርቅ ዲዛይነር የወጣችው ከዚያ ነው። እነሱ ሽመናን የትምህርት ክፍል ሲያደርጉት እኛ ሸማኔን ስንንቅ መኖራችን ያንገበግበኛል። አምባሰልንና ባቲን ለዜማ ቅኝት ስም ያደረገ አገር በጆሮው ያለውን ጥበብ ያውቃል፤ በእጁ ያለውንም እንዲሁ ሊያውቅ ይገባዋል።

«ሥራ የለውም»

አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠየቁኝ ይህን ነው። ስለዚህ ሳላስጌጥ ነገርኳቸው።

ኮምቦልቻ ከእኛ በቅርብ ርቀት ናት። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚያ ነው፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው። ነገር ግን ለውጭ ገበያ በትእዛዝ የሚሰፋ ልብስ ንድፉ ከገዢው አገር ነው የሚመጣው። «ፋሽን ዲዛይነር ነኝ» ብሎ የራሱን ቀሚስ ሥዕል ይዞ የሚሄድ ልጅ ሥራ ላያገኝ ይችላል። የሚፈለገው ፓተርን፣ ማለትም የልብስ መቁረጫ ልክ፣ የሚያወጣ፣ አንዱን ልክ ወደ ሌሎች መጠኖች የሚያሳድግና የሚያሳንስ፣ ናሙና የሚሰፋ፣ ቁርጥራጮቹን በጨርቁ ላይ አጠጋግቶ ብክነት የሚቀንስ ባለሙያ ነው። ከአንድ ልብስ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጨርቁ ስለሆነ፣ ጥቂት ጨርቅ ማዳን የሚችል ሰው ዋጋው ይታወቃል። ደግሞም ሁሉንም ተስፋ ፋብሪካ ላይ መጣል አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ኮምቦልቻ ተጎድታለች፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው፣ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል ታግዳለች። ይህን የደበቀ መካሪ ልጅን ይጎዳል።

ከፋብሪካ ውጪስ? በርበሬና ሽሮ አሽገው የሚሸጡ ማኅበራት ማሸጊያ ይፈልጋሉ። ሆቴሎች የውስጥ ክፍል ነዳፊ ይቀጥራሉ። ማተሚያ ቤቶች የገጽ ነዳፊ ይሻሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ የየቀን ሥራ ሆኗል፤ አንባቢነቱ ደካማ የሆነ ገበሬ «ላክ» እና «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ እንዳያምታታ አድርጎ ገጹን የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የሰው ገንዘብ ይጠብቃል።

በግል ለሚሠራ ሰው ግን ገቢው እንደ መንግሥት ደመወዝ በወር በወር አይመጣም። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ይከብዳሉ። ውል ሳትጽፍ፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበል ሥራ አትጀምር፤ «ዘመድ ነው» ብለህም አትለፈው።

«ማንም ቢገለብጠው መብት የለህም»

አለህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠራ ሥራህን ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የኢንዱስትሪ ንድፍን ያስመዘግባል፤ የመጀመሪያው ጥበቃ ለ5 ዓመት ነው፣ ይታደሳልም። የኢንዱስትሪ ንድፉን ያላስመዘገበ ሰው መብቱን ለማስከበር ይቸገራል።

«ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል»

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል በሴኮንድ ያወጣል፤ የአማርኛውን ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። ይህ ነገ ሊስተካከል ይችላል። ማሩ በደሴ ብርድ እንደሚረጋ ሄዶ ገዢዋን የሚጠይቅ ግን ሰው ነው። ይልቅስ ማሳመር ብቻ የተማረ ልጅ ሊሰጋ ይገባዋል።

«አዲስ አበባ ካልሄዱና ውድ ኮምፒውተር ካልገዙ አይሆንም»

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ምህንድስና ያስተምራል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ሥነ ሕንፃ ለሚሹ ደግሞ አዲስ አበባ ልደታ ያለው ተቋም ይታወቃል። ዲግሪ ያልመጣለት ልጅ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሙያውን ይዞ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ ሥራ ይጀምራል፤ ይህ ውርደት አይደለም።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ኢንክስኬፕ፣ ጂምፕና ብሌንደር የሚባሉት የመንደፊያ ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ለመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደብተርና እርሳስ ነው። ልጅቱን አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረጂ አልኳት። ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚዘረጉ፣ የትኛው ከሩቅ እንደሚታይ፣ ሸማቹ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደ የትኛው እንደሆነ እያየሽ ንደፊ፤ የመግቢያ ፈተና ሲመጣ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል አልኳት።

አባትየው በዚህ መሐል ከመደርደሪያው ላይ አፈ ሰፊውን የማር ብርጭቆ አንሥተው ክዳኑን ይፈትሹ ነበር። አንዴ ጠመዘዙት፣ ዘጉት፣ እንደገና ሞከሩት። «የኔ እናት ይህን መክፈት አትችልም» አሉ፤ «ጣቷን ያማታል። ጠርዙ ሸካራ ቢሆንላት ግን ትይዘው ነበር።»

ክዳኑን ተቀብዬ ሞከርሁት። እርጥብ እጅ ጭራሽ አይከፍተውም። አሁን ጠርዙ የተሸነተረ ክዳን የሚሸጥ አቅራቢ እያፈላለግሁ ነው።