ነባሪ ምርጫ በመንግሥት ፖሊሲና የሰዎች አመለካከት

ነባሪ ምርጫ አንድ ሰው ሳይወስን ሲቀር በስሙ የሚጸና ውሳኔ ነው። ቃሉን ብዙዎች የሚያውቁት ከስልክና ከኮምፒዩተር ቅንብር ቢሆንም፣ ነገሩ ግን ከመሣሪያዎቹ ይቀድማል፤ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ንብረት ሕግ ባስቀመጠው ተራ ለወራሾች መከፋፈሉ የቆየ ምሳሌው ነው። መንግሥት ለጡረታ ቁጠባ፣ ለአካል ክፍል ልገሳ ወይም ለመራጮች ምዝገባ ቅጽ ሲያዘጋጅ ዝም ያለውን ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ የግድ ያስፈልገዋል፤ ክርክሩም የሚነሳው ያ ዝምታ እሺታ ነው ወይስ እምቢታ በሚለው ላይ ነው።

ይህ አቀማመጥ ምን ያህል እንደሚያመዝን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስቲን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። አጥኚዎቹ 161 ሰዎችን በሦስት ከፍለው ስለ አካል ክፍል ልገሳ ጠየቁ። ለአንደኛው ቡድን «ለጋሽ አይደሉም ተብሎ ተይዟል፤ ይቀይሩታል ወይስ ይተዉታል?» የሚል ጥያቄ ቀረበለት፤ ለሁለተኛው ደግሞ ለጋሽ መሆኑ አስቀድሞ ተይዞ ቆየው፤ ሦስተኛው ያለ ምንም ነባሪ ምርጫ ራሱ እንዲወስን ተደረገ። ለመለገስ የተስማሙት በመጀመሪያው 42 በመቶ፣ በሁለተኛው 82 በመቶ፣ በሦስተኛው 79 በመቶ ነበሩ። ልብ የሚያሰኘው የሦስተኛው ቁጥር ከሁለተኛው ጋር መቀራረቡ ነው፤ ተገድደው እንዲመልሱ ሲደረጉ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ «አይደለሁም» የሚለው ቀድሞ ተጽፎ ሲያገኙት ግን ብዙዎች እንደ ነበረ ይተዉታል። ጥያቄው ምናባዊ፣ ምርጫውን መቀየርም ቀላል ስለነበር ልዩነቱን በቢሮ ውጣ ውረድ ማመካኘት አይቻልም።

ይሁን እንጂ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ፈቃድና በሆስፒታል የሚከናወን ንቅለ ተከላ አንድ አይደሉም። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ሕግ ቢኖራትም በተግባር የሟች ቤተሰብ ይጠየቃል፤ የአገሪቱን ሥርዓት የመሩት ባለሙያዎችም የልገሳው ስኬት የመጣው በየሆስፒታሉ በተመደቡ የንቅለ ተከላ አስተባባሪዎች እንጂ በሕጉ አንቀጽ እንዳልሆነ ደጋግመው ተናግረዋል።

በጡረታ ቁጠባ በኩል ነገሩ ጠብ አላስነሳም ማለት ይቻላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ከትልልቅ ቀጣሪዎች ተነስታ ሠራተኞች በራስ ሰር ወደ ጡረታ ቁጠባ እንዲገቡ ስታደርግ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ገብተዋል፤ የወጡት ከአሥር አንድ ያህሉ ናቸው። መውጣት የፈለገ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ካሳወቀ የተቆረጠበት ገንዘብ ይመለስለታል። በአሜሪካ ከዚያ ቀደም ሲል የተደረገ ጥናት ግን ሌላ ገጽታውንም አሳይቷል፦ በራስ ሰር የገቡ ሠራተኞች ብዙዎቹ መጀመሪያ በተመደበላቸው የ3 በመቶ ቁጠባ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ሰው ቅጹ ላይ ተሞልቶ ያገኘውን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የሰጠው ምክር አድርጎ ይወስደዋል።

ሰዎች ስለ አሠራሩ ሲጠየቁ ምን ይላሉ? ካስ ሰንስታይንና ሉቺያ ራይሽ በስድስት የአውሮፓ አገሮች ባካሄዱት መጠይቅ አብዛኛው ተሳታፊ ከቀረቡለት መሰል የመንግሥት አሠራር ሐሳቦች ብዙዎቹን ደግፏል፤ በዴንማርክና በሃንጋሪ ድጋፉ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር። የተቃወሟቸውም ነበሩ። ዜጋው አልፈልግም እስካላለ ድረስ ለቀይ መስቀል ገንዘብ ለመስጠት እንደተስማማ ይቆጠር የሚለው ሐሳብ በየአገሩ ውድቅ ሆነ። ቀይ መስቀልን ጠልተው አይመስለኝም፤ ያልተናገሩበት አፍ ከኪሳቸው ገንዘብ እንዲያወጣ አልፈለጉም። ለራሱ ለባለቤቱ የሚቆጠብ ገንዘብና ለሌላ የሚሄድ ገንዘብ በአሠራር አንድ ቢሆኑም በስሜት የተራራቁ ናቸው።

ከዚህም በላይ ፍርዱ በአቀራረቡ ሳይሆን በአቅራቢው ሊወሰን ይችላል። በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ያው አንድ ዓይነት ነባሪ ምርጫ በቡሽ አስተዳደር እንደተደረገ ሲነገር ወግ አጥባቂዎቹ፣ በኦባማ አስተዳደር እንደተደረገ ሲነገር ደግሞ ለዘብተኞቹ ይበልጥ ተቀበሉት። ስለዚህ «ሕዝቡ ነባሪ ምርጫን ይወዳል» ወይም «ይጠላል» የሚል ጥቅል ድምዳሜ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

አደራ የማይሰጡት አካል ሲያዘጋጀው ምን እንደሚሆን ብራዚል አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ተቃውሞውን ያላስመዘገበን ሁሉ ለጋሽ አድርጎ ሲቆጥር ሰዎች እምቢታቸውን በመታወቂያቸው ላይ ለማስፈር ተሽቀዳደሙ፤ የሕክምና ባለሙያዎችም ተቃወሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተሻረ። በኔዘርላንድስም የታችኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ተመሳሳይ ሕግ በ75 ለ74 ድምፅ ሲያጸድቅ እምቢ ብለው የሚመዘገቡ ሰዎች ወዲያው በረከቱ። ከነዚህ ሰዎች የተወሰኑት ሕጉ ባይመጣ ስለ ጉዳዩ ላያስቡ ይችሉ ነበር፤ ሳይናገሩ መቆጠራቸው ነው ያናገራቸው። የጀርመን ፓርላማ በ2020 እ.ኤ.አ. ዝምታን እንደ ፈቃድ የሚቆጥረውን ረቂቅ ጣለው፤ ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕዝበ ውሳኔ 60 በመቶ በሚሆን ድምፅ ተቀበለችው።

ነባሪ ምርጫ የሚሠራው ተደብቆ ነው የሚለው ወቀሳ ግን በከፊል ብቻ ይይዛል። በሕይወት መጨረሻ ስለሚሰጥ ሕክምና አስቀድሞ በሚሞላ ቅጽ ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ ምርጫው ሆን ተብሎ እንደተቀመጠ ለተሳታፊዎች ሲነገራቸውም ውጤቱ ብዙም እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን የድረ ገጽ ኩኪ (ድረ ገጽ ተጠቃሚውን ለመለየት በመሣሪያው ላይ የሚያኖረው ትንሽ ፋይል) ለማስቀመጥ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ሲል ወስኗል። በዚህም ምክንያት በበርካታ የኅብረቱ አገሮች የሰው ዝምታ ኩላሊቱን ለመስጠት ይበቃል፣ ኩኪ ለመቀበል ግን አይበቃም።

የኔዘርላንድስ ሕግ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲተገበር ሳይናገሩ እንደተስማሙ የመቆጠርን ቅሬታ በመዝገቡ አጻጻፍ ለማብረድ ሞክሯል። ዕድሜው 18 የሞላው ነዋሪ ፈቃዱን የሚጠይቅ ደብዳቤ ይላክለታል፤ ካልመለሰ ሁለተኛ ይከተላል። ለሁለተኛውም ዝም ካለ በስሙ ትይዩ የሚሰፍረው «እሺ ብሏል» የሚል ሳይሆን «ተቃውሞ የለውም» የሚል ነው፤ መዝገቡን የሚያየው ሐኪምም ሆነ ሐዘን ላይ ያለው ቤተሰብ ሰውየው ተናግሮ ይሁን ሳይናገር ቀርቶ ከዚያ ያውቃል።